ጫጩት በድንገት አትሞትም

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ የምዕራብ ጎጃም ቀበሌዎች የጫጩት ሞት የሚነገርበት አነጋገር ከቤት ቤት አይለያይም። «ማታ ደኅና ነበሩ፤ ጧት ስንነሣ አልቀው አገኘናቸው» ይባላል። ቀጥሎ የሚመጣው ፍርድም የታወቀ ነው። አንዱ «ፈንግል ገባ» ይላል፤ ሌላው «መጋኛ መታቸው»፤ ሦስተኛው «ዐይን በላቸው»። ሦስቱ ቃላት ምንጫቸው ይለያይ እንጂ የሚጋሩት ሐሳብ አላቸው፤ ሞቱ ከውጭ፣ ሳይታሰብ፣ በአንዲት ሌሊት የወረደ ነው የሚል። ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው ይህንኑ ሐሳብ ነው። ጫጩት በድንገት አትሞትም። ሞቷ ከሰዓታት፣ ከቀናት፣ አንዳንዴም እንቁላሉ ከመጣሉ በፊት ጀምሮ መንገድ ላይ የነበረ ነው፤ ድንገተኛው የእኛ ማየት ነው። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ገዳይ የሚመጣበት ዕድሜ አለው፤ በሁለተኛው ቀን የሚገድላት በሠላሳኛው ቀን ከሚገድላት ይለያል። ስለዚህ «ምን ገደላቸው?» ከማለቱ በፊት «ስንት ቀናቸው ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የመልሱን ግማሽ አግኝቷል።

ነገሩ የጓዳ ጉዳይ ቢመስልም ትንሽ አይደለም። በገጠሩ ዶሮ በአብዛኛው በእናቶችና በልጆች እጅ ያለ ሀብት ነው፤ የእንቁላሉ ገንዘብ ጨው፣ ሳሙና፣ ደብተርና እርሳስ ይሆናል። ቡሬ ደግሞ በዚህ ረገድ በደንብ የተጠና ወረዳ ነው። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ይመራው የነበረ የግብርና ፕሮጀክት ቡሬን ከናሙና ወረዳዎቹ አንዱ አድርጎ መርጦት ስለነበር፣ በ2002 ዓ.ም. ገደማ የታተመው የመንደር ዶሮ ጥናት ቁጥሮቹን ትቶልናል። አንዲት የአካባቢው ዶሮ በአማካይ 13 እንቁላል ትታቀፋለች። ከታቀፈችው 100 እንቁላል 82 ያህሉ ይፈለፈላል፤ ይህ ማንኛውም የመፈልፈያ ማሽን የማያፍርበት ውጤት ነው። ከተፈለፈሉት 100 ጫጩቶች ግን የሚተርፉት 60 ያህል ብቻ ናቸው። በአንድ ቤት ሒሳብ ሲሰላ፣ ከ13ቱ እንቁላል 10 ወይም 11 ጫጩት ይወጣል፤ ከእነዚህም አራቱ ያልቃሉ። በጥናቱ ከተጠየቁት ባለ ዶሮዎች ከ100 ዘጠና ሰባቱ የዶሮ በሽታ እንዳጋጠማቸው ተናግረዋል። እናት ዶሮዋ 21 ቀን ታቅፋ፣ እንቁላል መጣሏን አቋርጣ፣ ከዚያም ሳምንታት ሙሉ ስታሳድግ የምትከፍለው ዋጋ ሲጨመርበት፣ የአራቱ ጫጩት ሞት የግቢውን ኪሳራ ይወስናል።

እንግዲህ ጫጩቷን እንተዋወቃት። ከመፈልፈያ ማሽን የምትወጣ የተሻሻለ ዝርያ ጫጩት 40 ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ ይህም የወጣችበት እንቁላል ክብደት ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። የአካባቢያችን ዝርያ ጫጩት ከዚያም ትቀልላለች። የለበሰችው ገና ለስላሳ ጭገር እንጂ ላባ ስላልሆነ ሙቀት አያቆይላትም። ያደገ ዶሮ ገላ ብርዱም ሐሩሩም ሲመጣ 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይጸናል፤ የእሷ ገላ ግን ሙቀቱን በራሱ መጠበቅ የሚችለው ሁለት ሳምንት ገደማ ከሞላት በኋላ ነው። ይህን ጉድለት ይዛ ወደ ዓለም ስትመጣ ሁለት ስንቅ ተይዞላታል። አንደኛው አስኳሉ ነው። ልትፈለፈል አንድ ሁለት ቀን ሲቀራት የተረፈው አስኳል በእትብቷ በኩል ወደ ሆዷ ይገባል፤ ሳትበላና ሳትጠጣ እስከ 72 ሰዓት ልትቆይ የምትችለው፣ በካርቶን ተጭና አገር አቋርጣ የምትመጣውም በዚህ ነው። ሁለተኛው ስንቅ ከእናቷ ደም በአስኳሉ በኩል የሚወረስ የበሽታ መከላከያ ነው፤ እናቲቱ የተከተበችውን ወይም ታማ የዳነችውን በሽታ የሚያውቅ መከላከያ ለልጇ ታስተላልፋለች። ሁለቱም ስንቆች ያልቃሉ፤ የምግቡ በቀናት፣ የመከላከያው በሦስት ሳምንት ገደማ። የጫጩት ሞት የሚበዛባቸው ሁለት ወቅቶች፣ ማለትም የመጀመሪያው ሳምንትና ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ያለው ጊዜ፣ የሚያርፉት በእነዚህ ሁለት ስንቆች ማለቂያ ላይ ነው።

ስንቁ በሌላ እስኪተካ ድረስ ክፍተቱን የምትሞላው እናት ዶሮ ናት። ጫጩቶቿን በክንፏ ሥር ታሞቃለች፤ ጥሬ ስታገኝ ድምፅ እያሰማች ትጠራቸዋለች፤ ጭልፊት ሲያንዣብብ ድምፅዋን ለውጣ ትሰበስባቸዋለች፤ ውኃው ያለበትን ታሳያቸዋለች። ባለፉት ዓመታት ግን በምዕራብ ጎጃም ያለ እናት የሚያድጉ ጫጩቶች በዝተዋል። የተደራጁ ወጣቶችና ግለሰቦች የቦቫንስና የሳሶ ዝርያ የአንድ ቀን ጫጩት ተረክበው እስከ 45 ቀን ወይም ሁለት ወር ያሳድጋሉ፤ ከዚያ ለገበሬው ያከፋፍላሉ። የእነዚህ ጫጩቶች ሞት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከመንገድ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ፍኖተ ሰላም 387 ኪሎ ሜትር ነው። መኪናው ከጎሃ ጽዮን አፋፍ ተነሥቶ ከ1000 ሜትር በላይ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ እንደገና በደጀን በኩል ወጥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ ብርድ ይገባል። ከባሕር ዳር በኩል የምትመጣዋም ጫጩት የእንጅባራን ቅዝቃዜ ሳታልፍ ቡሬ አትደርስም። አንድ ካርቶን በአራት ተከፍሎ መቶ ጫጩት ይይዛል። በረሃው ላይ አፋቸውን ከፍተው ሲያለከልኩ ከገላቸው የሚወጣው ውኃ ከስንቃቸው ተቀንሶ ነው፤ ደጋው ላይ ሲንቀጠቀጡም የሚያነዱት አስኳላቸውን ነው። በደኅና ደረሱ ተብለው ሲወርዱ ገሚሶቹ ስንቃቸውን መንገድ ላይ ጨርሰዋል። በማግስቱ ሲሞቱ ግን ቤቱ ነው የሚወቀሰው።

ከዚያ የመጀመሪያዋ ሌሊት ትመጣለች። የአንድ ቀን ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ትፈልጋለች፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየተቀነሰ ይሄዳል። ፍኖተ ሰላምም ቡሬም 2000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ የታኅሣሥ ሌሊታቸው ለጫጩት ምሕረት የለውም። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ሙቀቱን ከጫጩቶቹ አቀማመጥ ሊያነብ ይችላል። ከሙቀቱ ሥር ተደራርበው ከጮኹ በርዷቸዋል። ግድግዳ ጥግ ሸሽተው፣ ክንፋቸውን ጥለው፣ አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ከተጠጉ ከሌላው ወገን ነፋስ እየገባ ነው። ተበታትነው፣ አንዳንዱ ተኝቶ፣ አንዳንዱ እየለቀመ፣ ድምፃቸው ዝቅ ካለ ተስማምቷቸዋል። ከዚህ የሚቀርብ ምርመራም አለ፤ አንዷን አንሥቶ እግሯን ጉንጭ ላይ ማስነካት። እግሯ ከቀዘቀዘ ገላዋም እየቀዘቀዘ ነው። ከደረሱ ከአንድ ቀን በኋላም ከአንገቷ ሥር ያለችውን የምግብ ከረጢት በጣት ዳሰስ ማድረግ ይበቃል። ለስላሳና ሙሉ ከሆነች በልታም ጠጥታም ነው፤ ከደረቀች ውኃ አላገኘችም፤ ባዶ ከሆነች ገና አልበላችም። በረሃብ የምትሞት ጫጩት ዕለቱን አትሞትም፤ አስኳሏ እስኪያልቅ ትጠብቅና በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ትወድቃለች። ባለቤቷም ስንቁን ስለማያይ ሞቱን ድንገተኛ ይለዋል።

ጧት ጥግ ላይ ተከምሮ የሚገኘውን ሬሳም በዚሁ ዓይን ማየት ይገባል። መብራት ሲጠፋ ወይም ፍሙ ሲከስም ጫጩቶቹ ለሙቀት ብለው ጥግ ላይ ይነባበራሉ፤ ከሥር ያሉት ታፍነው ይሞታሉ። ጧት የሚገኙት ጠፍጣፋ ሆነው፣ ጭገራቸው ረጥቦ፣ ሁሉም በአንድ ጥግ ነው። ይህ በሽታ አይደለም፤ ሹል ጥግ ያለው ቤትና የጠፋ ሙቀት ነው። ማሳደጊያውን በካርቶን ወይም በሰሌን ክብ አድርጎ ጥጉን ማጥፋት ብቻውን ብዙ ነፍስ ያተርፋል። በተቃራኒው፣ በየቦታው ተበታትነው፣ እንደ ተኙ ሳይንፈራገጡ የሞቱ ከሆነና ክፍሉ ተዘጋግቶ ከሰል ሲነድበት ካደረ፣ የገደላቸው ከከሰሉ የሚወጣ ጋዝ ነው። ይህ ሽታ የሌለው ጋዝ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ የሚያድርበትን ሰውም እንደ ጫጩቱ ይገድላል። በጅማ ተመራማሪዎች የፈተሹት የድርቆሽ ሣጥን ለዚህ ነው መታወቅ ያለበት። የጣውላ ሣጥን ውስጡ ዙሪያውን በድርቆሽ ይሞላና መካከሉ ለጫጩቶቹ ይተዋል፤ ድርቆሹ የራሳቸውን የገላ ሙቀት ይይዝላቸዋል። መብራትም ከሰልም አይጠይቅም፤ ድርቆሽና ጣውላ ደግሞ በምዕራብ ጎጃም ገጠር ብርቅ አይደሉም።

በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ የሚገድል ሌላም አለ፤ የእሱ ምንጭ ከጫጩቷ መወለድም ይቀድማል። እንቁላሉ በኩስ ተበክሎ ከታቀፈ፣ ወይም መፈልፈያው ካልጸዳ፣ ጀርሙ ባልተዘጋው እትብት ገብቶ አስኳሉን ያበሰብሳል። እንዲህ የሞተች ጫጩት ስትከፈት ታሪኩ ግልጽ ነው። በአምስተኛው ቀን ሊጠፋ የሚገባው አስኳል ሆዷን ሞልቶ ይገኛል፤ ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ዞሯል፤ ሽታው ይከረፋል። ሰው በልታ የጠገበች ያስመሰላት የተነፋ ሆድ ያልተበላ ስንቅ ነበር። ከዚህ የባሰው ከእናቲቱ ማኅፀን የሚወረሰው የሳልሞኔላ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ አሜሪካዊው የባክቴሪያ ሊቅ ሊዮ ሬትገር ነጭ ኩስ እየጣሉ የሚያልቁትን ጫጩቶች መርምሮ ገዳዩን ጀርም ለየ። በኋላም ደኅና መስላ የምትታይ እናት ዶሮ በእንቁላሏ በኩል በሽታውን ለልጆቿ እንደምታወርስ ታወቀ። አሜሪካኖች ጫጩት ማከሙን ትተው እናቶቹን በደም ምርመራ መለየት ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1935 አገር አቀፍ መርሐ ግብር አቋቁመው በሽታውን ከንግድ እርባታቸው አጠፉት። የታሪኩ ትምህርት ለቡሬም ይሠራል። ከአንድ ምንጭ የመጡ ጫጩቶች በተለያዩ ቤቶች፣ በተለያየ አያያዝ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነጭ ኩስ ፊንጢጣቸውን ደፍኖ ከሞቱ፣ ጥፋቱን ከየቤቱ ሳይሆን ከምንጩ መፈለግ ነው።

ሁለተኛው የሞት ወቅት የሚከፈተው በሦስተኛው ሳምንት፣ ከእናት የተወረሰው መከላከያ ሲሟጠጥ ነው። ጫጩቶቹ በዚህ ጊዜ ላባ ማውጣት ጀምረዋል፤ ይሮጣሉ፤ ባለቤታቸውም «ከክፉው አለፉ» ብሎ ትንፋሽ የሚወስደው ያኔ ነው። ኮክሲዲያ የምትጠብቀውም ያኔን ነው። ይህች በዓይን የማትታይ ጥገኛ ተሕዋስ በኩስ ትወጣለች፤ ርጥብና ሞቃት ንጣፍ ላይ በአንድ ሁለት ቀን ትበስላለች፤ ጫጩቷ እየለቀመች መልሳ ትውጣታለች፤ በአንጀቷ ውስጥ ከተራባች ከአምስት እስከ ሰባት ቀን በኋላ ደም ይወርዳል። የውኃ መጠጫው ዙሪያ የረጠበ ሰጋቱራ፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ ለእሷ ማሳ ነው። ጫጩቷ ክንፏን ጥላ፣ ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና ትቆማለች፤ ኩሷ ደም ይቀላቅላል። ስትከፈት ከአንጀቷ መጨረሻ የሚንጠለጠሉት ሁለት ከረጢቶች በደም ተወጥረው ይታያሉ። በዚሁ ዕድሜ የሚመጣው ሌላው ጉምቦሮ ነው፤ በአሜሪካ ዴላዌር ግዛት ካለ ቦታ ስሙን ያገኘ የቫይረስ በሽታ። ከፊንጢጣዋ በላይ ያለችውን፣ የበሽታ መከላከያ ሠራዊት የሚሠለጥንባትን ትንሽ እጢ ያጠቃል። ሞቱ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በሳምንት ውስጥ በራሱ ይቆማል። የተረፉት ግን መከላከያቸው ፈርሷል፤ በሚቀጥለው ወር የሚመጣው ማንኛውም ነገር ይጨርሳቸዋል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ፈንግል በእውነት አለ፤ በእውነትም ይጨርሳል፤ ታዲያ ገበሬው «ፈንግል» ቢል ምን ተሳሳተ? ተቃውሞው ግማሹ እውነት ነው። ፈንግል፣ በዓለም ኒውካስል የሚባለው በሽታ፣ እ.ኤ.አ. በ1926 በኢንዶኔዥያና በእንግሊዝ ከታወቀ ወዲህ የመንደር ዶሮ ቀንደኛ ጠላት እንደ ሆነ አለ፤ ያልተከተበ መንጋ ውስጥ ሲገባ ከመቶ ዘጠናውንና ከዚያም በላይ ይወስዳል። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የትንፋሽ መቸገር፣ የአንገት መጠምዘዝና የክንፍ ሽባነት ምልክቶቹ ናቸው። ሆኖም ፈንግል ጫጩት አይመርጥም። ቄቧንም፣ እናቲቱንም፣ አውራውንም ይወስዳል፤ ከአንድ ግቢ ወደ ሌላው ይሻገራል። እናት ዶሮዋ እየጫረች ጫጩቶቿ ብቻ ካለቁ፣ ወይም ጎረቤት ምንም ሳይሆን የአንድ ቤት ብቻ ካለቀ፣ ስሙ ሌላ ሳይሆን አይቀርም። ፈንግል ራሱም ቢሆን ድንገት አይወርድም። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ስድስት ቀን ይወስዳል፤ ስለዚህ ሲሞቱ የታዩት የዛሬ ሳምንት በገባ ነገር ነው። ያኔ ምን ገባ? ብዙ ጊዜ ከበዓል ገበያ ሳይሸጥ የተመለሰ ዶሮ፣ አዲስ የተገዛ ቄብ፣ ወይም ጎረቤት መንጋው ሲታመምበት ቶሎ ብሎ የሸጠው ዶሮ ነው። የታመመ ዶሮ ወደ ገበያ መውሰድ ለአንዱ የዕለት ኪሳራ መቀነሻ ይመስላል፤ ለቀበሌው ግን የበሽታው መንገድ እሱ ነው። ከዚህ በላይ በግልጽ ሊወገዝ የሚገባ ልማድ በዶሮ እርባታችን የለም።

ዕድሜን ሳይለይ፣ በሰዓታት ውስጥ፣ ደኅና የነበሩትን የሚገድል አንድ ምድብ ግን አለ፤ መርዝ። የቡሬና የጃቢ ጠህናን አካባቢ የበቆሎ አገር ነው፤ በጎተራው ላይ የነቀዝ መድኃኒት ይነሰነሳል፤ ለዘር የሚገዛው በቆሎም ብዙ ጊዜ መድኃኒት የተለወሰ ነው። የተራገፈ ጆንያ፣ የወደቀ ዘር፣ ለአይጥ የተቀመጠ መርዝ ለጫጩት የሚያብለጨልጭ ጥሬ ነው። የምግብ ከረጢታቸው ሞልቶ፣ ትልቁም ትንሹም በአንድ ሰዓት ከተዘረሩ መጀመሪያ የሚፈተሸው ጎተራው ነው። ዝምተኛው መርዝ ግን ሻጋታ ነው። ሳይደርቅ የተከተተ በቆሎ ላይ የሚበቅል ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ ጉበትን ቀስ እያለ ይበላል። ዓለም ይህን መርዝ ያወቀው በወጣት አዕዋፍ ሞት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ ከመቶ ሺህ በላይ የተርኪ ጫጩቶች በወራት ውስጥ አለቁ። መንሥኤው ስላልታወቀ በሽታው «ኤክስ» ተባለ፤ ጀርም ሲፈለግለት ከርሞ በመጨረሻ ከብራዚል በመጣ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ላይ የነበረ ሻጋታ ሆኖ ተገኘ። ለሰው አይሆንም ተብሎ የተለየ የሻገተ በቆሎ «ለዶሮ ይሁን» የሚባልበት ቤት ይህን ታሪክ ቢያውቅ፣ ያን በቆሎ ለጫጩት አይበትንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ዝርያን የሚመለከት ነው። «የፈረንጅ ጫጩት ደካማ ናት፤ የሀበሻዋ ብርቱ ናት፤ መንሥኤ መፈለግ ምን ያደርጋል?» ይባላል። የአካባቢያችን ዶሮ ክብር የሚገባት መሆኗ አያከራክርም። ከቡሬ ብዙ ሳይርቅ በምትገኘው ጥሊሊ ስም የሚጠራው ዝርያ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ከተጠኑት የአገር ዶሮ ዓይነቶች አንዱ ነው፤ ጥሬዋን ጭራ፣ ጠላቷን ሸሽታ፣ ቆጥ ላይ አድራ ትኖራለች። ይሁንና ከላይ ያየነው ቁጥር የመጣው ከዚችው ከብርቱዋ ዶሮ ቤት ነው፤ ከመቶ ጫጩቶቿ አርባዎቹ ያልቃሉ። ብርታቷ የሚታየው በተረፉት ላይ ስለሆነ የሞቱት አይቆጠሩም። የተሻሻለው ዝርያ ጫጩት ደግሞ የሚጎድላት ጉልበት ሳይሆን እናት ናት። እናቲቱ በነጻ የምትሰጠውን ሙቀት፣ ጥሪና ጥበቃ ሰው ካልተካው፣ የሀበሻዋም ጫጩት በካርቶን ብትመጣ ያው ነው። ንጽጽሩ በእናት ባደገችና ያለ እናት ባደገች መካከል ሆኖ ሳለ በዝርያ መካከል እንደ ሆነ ተቆጥሮብናል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከመድኃኒትና ከክትባት ጋር ይያያዛል። «ክትባቱ ራሱ ገደላቸው» የሚል ሮሮ አለ፤ «ቴትራሳይክሊን በጥብጬ ሰጠሁና ቆመልኝ» የሚል ምስክርነትም አለ። ሁለቱንም ያሳተው ቀን አለመቁጠር ነው። ክትባት መከላከያ ለማበጀት ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፤ በሽታው ገብቶ ሳለ የተከተበች ጫጩት የምትሞተው ቀድሞ በያዛት በሽታ ነው። ሕያው ክትባት ሙቀት ያጠፋዋል፤ ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውኃ ሲበጠበጥም ይሞታል፤ ክትባት ጠጡ ሲባል የጠጡት ውኃ ብቻ ነበር። ቢሾፍቱ የሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ የፈንግልና የጉምቦሮ ክትባቶችን ያመርታል፤ ለገጠሩ የሚመቸው፣ ሙቀት የሚቋቋም፣ በዓይን ጠብታ የሚሰጥ የፈንግል ክትባትም አለ። ችግሩ አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ መሆኑና አንድ ቤት ያለው ጥቂት መሆኑ ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት በአንድ ቀን ካስከተበ ይህም ይፈታል። የቴትራሳይክሊኑ ነገር ደግሞ ከጉምቦሮ ጠባይ ይገለጣል። ሞቱ በሦስተኛ አራተኛው ቀን ጫፍ ደርሶ በራሱ ይወርዳል፤ ሰው መድኃኒት የሚገዛው በሦስተኛው ቀን ተስፋ ሲቆርጥ ነው፤ መውረዱን ያየ ሁሉ ምስጋናውን ለመድኃኒቱ ይሰጣል። ቫይረስ ግን በእንዲህ ያለ መድኃኒት አይነካም። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ፌጦም የእናቶች ደግነት ናቸው፤ ፈንግልን ግን አይመልሱም።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል። ለአራት ጫጩት ሞት ማን ላቦራቶሪ ይሄዳል? ድካሙ ከዋጋው አይበልጥም ወይ? ለብቻው ለቆመ ቤት ይበልጣል። ነገር ግን የምርመራው ትልቁ ክፍል ላቦራቶሪ አይፈልግም። ስንት ቀናቸው ነበር? ስንት ሞቱ፣ በስንት ቀን ውስጥ? የት ወድቀው ተገኙ፣ ጥግ ተደራርበው ወይስ ተበታትነው? ኩሳቸው ነጭ፣ ደም ወይስ አረንጓዴ? እናቲቱስ? የጎረቤትስ? ባለፈው ሳምንት ወደ ግቢው ምን ገባ፤ ምን አዲስ ጥሬ በሉ? እነዚህን በግድግዳ ላይ በከሰል ጭረት የምታሰፍር እናት ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ወይም ለእንስሳት ሐኪሙ የምትሰጠው ቃል ከሞተው ጫጩት በላይ ይናገራል። ሞቱ በብዙ ቤት ሲሆን ደግሞ አዲስ የሞቱ ሁለት ሦስት ጫጩቶች በበረዶ ተይዘው ባሕር ዳር ወዳለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ መሄድ ይችላሉ፤ ከቡሬ 148 ኪሎ ሜትር ነው። ቡሬ ራሷ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አላት፤ የሞተ ጫጩት ከፍቶ ማየት በከተማዋ የማይገኝ ዕውቀት ሊሆን አይገባም። ሬሳውን ግን ቦይ ውስጥ መጣል ወይም ለውሻ መስጠት አይገባም፤ በጥልቅ ይቀበር፤ የነካ እጅም በሳሙና ይታጠብ።

ወደ ሒሳቡ እንመለስ። ከአንዲት ዶሮ ዕቅፍ ዛሬ የሚተርፉት ስድስት ናቸው፤ የሚያልቁት አራት። ከአራቱ ሁለቱን ማትረፍ ቢቻል የሚያድጉት ስምንት ይሆናሉ። ይህ የአንድ ሦስተኛ ጭማሪ ነው፤ ተጨማሪ ዶሮ ሳይገዛ፣ ተጨማሪ እንቁላል ሳይታቀፍ። ሁለቱ የሚተርፉትም ብርቅ በሆነ መድኃኒት አይደለም፤ ክብ በሆነ ማሳደጊያ፣ በደረቀ ንጣፍ፣ ባልሻገተ ጥሬ፣ ገበያ ውሎ የተመለሰን ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻው በማሰር፣ በጊዜው በተሰጠ ጠብታ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲባል ስለ ትዕግሥት ይመስለናል፤ የጫጩት ሞትም የሚሄደው በዚሁ እርምጃ ነው፤ ከካርቶኑ፣ ከቀዘቀዘው እግር፣ ከረጠበው ሰጋቱራ ተነሥቶ ቀስ እያለ ይመጣል። ስለዚህም ጊዜ ይሰጠናል። መጋኛ ያልነውና ዐይን ያልነው ሁሉ ጊዜውን ወስዶብናል፤ ስሙንና ቀኑን ካወቅንለት ግን ከሚቀጥለው ዕቅፍ ሁለት ጫጩት እናስመልሳለን።